ሰው የለቀቀውን ከተማ መጻፍ፦ ለሳይንሳዊ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች የአሠራር መመሪያ

በፈረሰ ከተማ ላይ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከሥዕል ነው። የተሰበረ መስኮት፣ ግድግዳ ላይ የወጣ ሐረግ፣ መሬት ላይ የወደቀ አሻንጉሊት፣ ጭር ያለ ጎዳና። ሥዕሉ ያምራል፤ ታሪኩ ግን ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ የሚሄድበት ያጣል። ከተማው መቼ እንደተለቀቀ፣ ለምን እንደተለቀቀ፣ ሐረጉ ስንት ክረምት እንዳሳለፈ ጸሐፊው ራሱ አያውቅምና። አንባቢ ደግሞ ጸሐፊው የማያውቀውን ነገር ፈጥኖ ይለያል።

አጥብቄ የምይዘው ሐሳብ አንድ ነው። በፈረሰ ከተማ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ስንጥቅ ምክንያትም ዕድሜም አለው። ሁለቱን ያወቀ ጸሐፊ ገጸ ባሕርዩ የሚያደርገውን፣ የሚፈራውንና የሚያጣውን ከዚያው ከስንጥቁ ያወጣዋል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ይህንኑ በሥራ ለማዋል የተዘጋጁ ናቸው። ደብተር ያዙ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደረጃዎች ከታሪኩ አንድም ዓረፍተ ነገር ሳይጻፍ ማለቅ አለባቸው።

አንደኛ ደረጃ፦ ሰዎቹ እንዴት እንደወጡ ወስኑ

ጀማሪ ጸሐፊ “ለምን ወጡ?” በሚለው ላይ ብዙ ይደክማል። እኔ “በስንት ጊዜ ወጡ?” የሚለውን አስቀድማለሁ፤ ክፍሎቹ ውስጥ ምን እንደቀረ የሚወስነው የአወጣጡ ፍጥነት ነው።

ፕሪፕያትን ውሰዱ። የቼርኖቤል የኑክሌር ማመንጫ ሠራተኞች ከነቤተሰባቸው ይኖሩባት የነበረችው ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1970 ተመሠረተች፤ አደጋው ሲደርስ ወደ 49 ሺህ የሚጠጋ ነዋሪ ነበራት። ኤፕሪል 26 ቀን 1986 ሌሊት ማመንጫው ፈነዳ። ነዋሪዎቹ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ ተጭነው ወጡ፤ የተነገራቸውም ለሦስት ቀን ያህል ብቻ እንደሆነ ነበር። ለሦስት ቀን የሚወጣ ሰው የሠርጉን ፎቶግራፍ ከግድግዳ አያወርድም፤ የክረምት ካፖርቱን አይሸከምም። በእንዲህ ያለ ከተማ ክፍሎቹ ሙሉ ሆነው ይቀራሉ፤ የሚያሳምመውም ሙላታቸው ነው።

ከጃፓን ናጋሳኪ ወደብ ማዶ ያለችው የሃሺማ ደሴት ሌላ መልክ አላት። የድንጋይ ከሰል ይወጣባት ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1959 ከ5 ሺህ በላይ ሰው በዚያች ጠባብ ደሴት ላይ ተጨናንቆ ይኖር ነበር። በ1974 መጀመሪያ ላይ ማዕድን ማውጫው ተዘጋ፤ በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ደሴቲቱ ባዶ ቀረች። በወራት ውስጥ የሚወጣ ሰው ለመምረጥ ጊዜ አለው፤ ቀላሉንና ውዱን ይይዛል፣ ከባዱን ይተዋል። በናሚብ በረሃ ያለችው የአልማዝ ከተማ ኮልማንስኮፕ ደግሞ በአሥርተ ዓመታት ቀስ በቀስ ተራቁታ የመጨረሻ ነዋሪዎቿ በ1956 ለቀቋት። ዛሬ አሸዋ በበሮቿ ገብቶ ሳሎኖቿን እስከ ወገብ ሞልቷል።

አራተኛም አለ። በካሪቢያኗ የሞንትሰራት ደሴት ላይ እ.ኤ.አ. በ1995 የጀመረው እሳተ ገሞራ ዋና ከተማዋን ፕሊመዝን በ1997 በአመድና በጭቃ ቀበራት። ፕሊመዝ ግን በሕግ ዛሬም የደሴቲቱ ዋና ከተማ ናት። ማንም የማይኖርባት፣ በወረቀት ላይ ግን ሥልጣኗን ያልለቀቀች ከተማ! ለሳይንሳዊ ልብ ወለድ ጸሐፊ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። ሰዎች ከሄዱ በኋላ ሕጉ፣ ደንቡ፣ የባንክ ሒሳቡ፣ አውቶማቲክ መሣሪያው የት ደረሰ ብላችሁ እንድትጠይቁ ያደርጋችኋል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የተተዉ ከተሞችን ፎቶግራፎች አይታችሁ አትጻፉ፤ ቢያንስ እነሱን ብቻ አይታችሁ አትጻፉ። ከፕሪፕያት የመጡ ብዙ ታዋቂ ምስሎች፣ በተለይ የጋዝ ጭምብል የለበሱት አሻንጉሊቶች፣ በኋላ የመጡ ጎብኚዎች ለካሜራ ብለው ያስተካከሏቸው ናቸው። እነሱን የሚገለብጥ ሰው የሚጽፈው የከተማውን ታሪክ ሳይሆን የጎብኚዎቹን ነው።

አሁን በደብተራችሁ ላይ የመጨረሻውን ቀን በአንድ ገጽ ጻፉ። በመጨረሻ ማን ወጣ? ቁልፉን ምን አደረገው? መውጣት ያለበት ግን ያልወጣ ማን ነበር? ይህ ገጽ ታሪኩ ውስጥ አይገባም፤ በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ግን ይሠራል።

መመሪያው መሬት እንዲይዝ አንድ ምሳሌ ይዤ እስከ መጨረሻው እሄዳለሁ። ከሥሩ የከርሰ ምድር ውኃ ከመጠን በላይ ስለተቀዳበት መሬቱ እየሰመጠ የሄደ የወንዝ ዳር ከተማ አለ እንበል። ይህ የፈጠራ ስጋት አይደለም። ጃካርታና ሜክሲኮ ሲቲ በዚሁ ምክንያት በመስመጥ ላይ ናቸው፤ ኢንዶኔዥያም እ.ኤ.አ. በ2019 ዋና ከተማዋን ወደ ሌላ ደሴት ለማዛወር መወሰኗን ስታሳውቅ የጃካርታ መስመጥ ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። በእኛ ከተማ ሰዎቹ በሃያ ዓመት ውስጥ ሰፈር በሰፈር ወጡ። ሲወጡ በር፣ መስኮትና ቧንቧ ነቅለው ወሰዱ። ክፍሎቹ ባዶ ናቸው።

ሁለተኛ ደረጃ፦ የመፍረስ ሰሌዳ አዘጋጁ

የመጨረሻው ሰው ከወጣ ስንት ዓመት ሆነው? ቁጥሩን ጻፉት። “ብዙ ዘመን” አይበቃም። አምስት ዓመት፣ ሃምሳ ዓመትና አምስት መቶ ዓመት ሦስት የተለያዩ ከተሞች ናቸው።

ሰሌዳው የሚጀምረው ከመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ተቆጣጣሪ ሲጠፋ አብዛኞቹ የኃይል ማመንጫዎች ከሰዓታት እስከ ጥቂት ቀናት ባለው ጊዜ ይቆማሉ። ኃይል ሲቆም ፓምፕ ይቆማል፤ ፓምፕ ሲቆም ከመሬት በታች ያለው ሁሉ ውኃ መሙላት ይጀምራል። ከኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ዋሻዎች ዝናብ በሌለበት ቀን እንኳ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሊትር ውኃ በፓምፕ ይወጣል። ስለዚህ በትልልቅ ከተሞች ገጸ ባሕርያችሁ ከተማው በተለቀቀ በሠላሳ ዓመቱ በደረቅ የባቡር ዋሻ ውስጥ እየተራመደ ከሆነ፣ ዋሻውን ያደረቀውን ነገር ንገሩን።

ቤንዚን በወራት ውስጥ መበላሸት ይጀምራል። የመኪና ባትሪ ሳይሞላ ከተቀመጠ በጥቂት ወራት ይደክማል። ከአሥር ዓመት በኋላ ቆሞ የተገኘ መኪና በአንድ ቁልፍ ሲነሣ ያነበብኩበት ቦታ ላይ ጸሐፊውን ማመን አቆማለሁ።

ከዚያ በኋላ ዋናው ሠራተኛ ውኃ ነው። አንድ አሸንዳ በቅጠል ይደፈናል። ዝናቡ መውረጃ ሲያጣ ጣሪያው ላይ ይቆማል፤ በምስማሩ ቀዳዳ፣ በመገጣጠሚያው በኩል ይገባል። ኮርኒሱ ይረግፋል፣ ልስኑ ይላጣል፣ ሻጋታ ይወጣል፣ የእንጨቱ ወለል ይነፋና ይበሰብሳል። ሕንፃ የሚሞተው ከጣሪያው ነው፤ ጣሪያው የጸና ቤት ከጎረቤቱ በብዙ አሥርተ ዓመታት ይበልጥ ይቆያል። ብርድ በሚበረታበት አገር ከሆነ ደግሞ ውኃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር በየስንጥቁ የገባው ውኃ በየክረምቱ ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል። በደረቅ በረሃ ይህ ሁሉ የለም፤ እንጨት ሳይበሰብስ ይኖራል፤ የሚያፈርሰው ነፋስና አሸዋ ነው። የአየር ንብረቱን ሳትወስኑ ሰሌዳውን መሙላት አትችሉም።

ስለ አርማታ ጥቂት ላብራራ፤ የዘመናዊ ከተማ ዕጣ ያለው እዚህ ነው። አዲስ ኮንክሪት በኬሚካል ባሕርዩ በውስጡ ያለውን ፌሮ ከዝገት ይጠብቃል። ከአየር የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ይህን ጥበቃ ከላይ ወደ ውስጥ እያዳከመው ይሄዳል። ፌሮው ላይ ሲደርስ ብረቱ መዛግ ይጀምራል፤ ዝገቱም ከብረቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ሊደርስ የሚችል ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ ያፈነዳዋል። የባሕር ጨው ይህን ያፋጥነዋል፤ የሃሺማ ሕንፃዎች በማዕበል እየተመቱ እየተናዱ ያሉት ለዚህ ነው። በሮም ያለው ፓንቴዎን ግን በሁለተኛው መቶ ዘመን ተሠርቶ፣ 43 ሜትር ስፋት ያለውን ጉልላቱን ተሸክሞ ዛሬም ቆሟል። ውስጡ ፌሮ የለውም። ከዚህ የምንረዳው ከአንድ ሺህ ዓመት በኋላ ከተማችሁ ውስጥ የቆመው ሕንፃ ረጅሙ ሕንፃ ላይሆን እንደሚችል ነው። ዕድሜ የሚያገኙት ድንጋይ፣ ጡብ፣ ሸክላ፣ ነሐስና ወርቅ ናቸው።

እንስሳትን በተመለከተ አይጥና በረሮ ከተማውን ይወርሱታል የሚለው ልማድ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሁለቱም በሰው ሙቀትና በሰው ትራፊ የሚኖሩ በመሆናቸው ብርድ ባለበት ከተማ ቁጥራቸው ይመናመናል። በቼርኖቤል ክልል እ.ኤ.አ. በ1998 የተለቀቁት የፕርዠቫልስኪ የዱር ፈረሶች ሰው የለቀቃቸውን ቤቶችና ጎተራዎች መጠለያ አድርገው ሲጠቀሙባቸው በካሜራ ተቀርጸዋል። በአንድ ቤት ደጃፍ የሚወጣ ፈረስ ከአንድ ሺህ አይጥ ይልቅ ይታመናል።

ሦስተኛ ደረጃ፦ አንድ ፈጠራ ብቻ አስገቡ፤ ኃይሉንም ከየት እንደሚያገኝ ቁጠሩ

ታሪኩን ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የሚያደርገው እስካሁን የሌለ አንድ ነገር ነው። አንድ ብቻ ይሁን። ሮቦቱም፣ ተላላፊው በሽታም፣ የባዕድ ፍጡሩም፣ የጊዜ ጉዞውም በአንድ ፍርስራሽ ውስጥ ከተሰበሰቡ ከተማው ይጠፋል።

በምሳሌያችን ከተማው መስመጥ ሲጀምር አስተዳደሩ በየሕንፃው የስንጥቅና የእርጥበት መለኪያ አስገጠመ። መለኪያዎቹ የሚያዩትን ሁሉ ወደ አንድ ክፍል ይልካሉ። በዚያ ያለው መሣሪያ እያንዳንዱን ማስጠንቀቂያ ይመዘግባል፤ አንድ ሰው “አይቻለሁ” የሚለውን ቁልፍ እስኪጫን ድረስም ጉዳዩን አይዘጋውም። ሰዎቹ ሄዱ፤ መሣሪያው መመዝገቡን ቀጠለ። ማንም አላየሁም አላለውም፣ አይቻለሁም አላለውም። አሁን የሃምሳ ስምንት ዓመት ማስጠንቀቂያ ተከምሮ ይጠብቃል።

አሁን ብዙዎች የሚዘሉትን ጥያቄ ጠይቁ። ይህን ሁሉ ጊዜ ኃይል ከየት አገኘ? የፀሐይ ሰሌዳ ከሆነ ማን ጠረገው? ተርባይን ከሆነ ማን ቀባው? ሶቪየት ኅብረት ሰው በማይደርስባቸው የአርክቲክ ዳርቻዎች ላይ ያሉ የባሕር መብራቶችን ስትሮንቲየም-90 በሚባል ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ሙቀት በሚሠሩ ባትሪዎች ታበራ ነበር። የእኛንም መሣሪያ በዚህ እናሠራው። ስትሮንቲየም-90 በየ29 ዓመቱ ገደማ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። በሃምሳ ስምንት ዓመቱ የቀረው ሩብ ነው፤ የመሣሪያው እርጅና ሲታከልበት ደግሞ ከሩብም ያንሳል።

ይህ ቁጥር ታሪኩን እንዴት እንደሚለውጠው ተመልከቱ። ድሮ በየደቂቃው ይነቃ የነበረው መሣሪያ አሁን ኃይሉን እያጠራቀመ በወር አንድ ጊዜ ብቻ ይነቃል። የሚናገረው ነገር እስከ ሠላሳ ቀን ሊዘገይ ይችላል። ገጸ ባሕርያችሁ አንድ ነገር ልትጠይቀው ከፈለገች መጠበቅ አለባት። ውጥረቱን ከሳይንሱ አገኘነው፤ ከውጭ መፍጠር አላስፈለገንም። ፈጠራችሁ እንዲህ ያለ ገደብ ካልሰጣችሁ ገና አልቆጠራችሁትም ማለት ነው።

አራተኛ ደረጃ፦ ወደ ከተማው የሚመጣው ሰው እጁ ምን ይፈልጋል?

“ያለፈውን ለመረዳት” የሚመጣ ገጸ ባሕርይ አትጻፉ። ሰው ወደ አደገኛ ቦታ የሚሄደው ለሚጨበጥ ነገር ነው። የምሳሌያችን ሴት የምትተዳደረው ከፍርስራሹ የመዳብ ሽቦ እየለቀመች በመሸጥ ነው። ክረምቱ ሳይገባ የተወሰነ ክብደት ማድረስ አለባት።

ግን መዳብ በሃምሳ ስምንት ዓመት ውስጥ እንዴት ተረፈ? ባዶ ሕንፃ ውስጥ መጀመሪያ የሚዘረፈው እሱ ነው። መልሱ በሩ ላይ አለ። የጨረር ምልክት ተለጥፎበታል፤ የቀደሙት ለቃሚዎች ምልክቱን ያውቁ ስለነበር አልገቡም። እሷ ግን ምልክቱ ትርጉሙን ካጣ በኋላ የተወለደች ናት።

ይህም ከእውነት የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1987 በብራዚል ጎያኒያ ከተማ ሁለት ሰዎች ከተተወ የጨረር ሕክምና ማዕከል ሴዝየም-137 የያዘ መሣሪያ ነቅለው ለቁራሌ ነጋዴ ሸጡት፤ በጨለማ ሰማያዊ የሚያበራው ዱቄት ለልጆችና ለዘመዶች ሁሉ ታደለ፤ አራት ሰዎች ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ በጆርጂያ ሊያ በሚባል መንደር አቅራቢያ ሦስት እንጨት ለቃሚዎች በጫካ ውስጥ ዙሪያው በረዶ የቀለጠበት ትኩስ ብረት አገኙ። ብርድ ስለነበር ሌሊቱን ሲሞቁት አደሩ። ከባሕር መብራቱ ባትሪዎች ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ስትሮንቲየም ነበር፤ ከሦስቱ አንዱ ከዓመታት ሕመም በኋላ ሞተ። ሙቀትን እንደ በጎ ነገር መቀበል የሰው ተፈጥሮ ነው። ይህን የሚያውቅ ጸሐፊ አንባቢውን በአንዲት ቃል ሊያስደነግጥ ይችላል።

አምስተኛ ደረጃ፦ ከተማውን ትታችሁ አንድ ክፍል ጻፉ

የመጀመሪያው ረቂቅ የሚጻፈው እዚህ ነው። ከተማውን ከኮረብታ ላይ የሚያሳይ መግቢያ ሁሉም ይጽፋል፤ እናንተ ከአንድ ደጃፍ ጀምሩ። በመጀመሪያ ብዙ ጊዜ የሚመጣውን ዓይነት ረቂቅ እዩ፦

“ክፍሉ አሮጌና አስፈሪ ነበር። ሁሉም ነገር በወፍራም አቧራ ተሸፍኗል። ጥግ ላይ አንድ ጥንታዊ ማሽን በዝምታ ቆሟል። እዚህ ቦታ በአንድ ወቅት ሕይወት እንደነበረ ተሰማት።”

“አሮጌ” ስንት ዓመት ነው? “አስፈሪ” ለማን? ጣሪያው በሚያፈስ ክፍል ውስጥ ወፍራም አቧራ ሳይሆን የረገፈ ልስን፣ ጭቃና የወፍ ኩስ ነው የሚገኘው። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ደግሞ አንባቢው ሊሰማው የሚገባውን ስሜት ቀድሞ ወስዶበታል። አሁን ሰሌዳውን ይዘን እንደገና እንጻፈው፦

“በሩ እምቢ አለ። ከኮርኒሱ የረገፈው ልስን ከበስተጀርባው ተከምሮ ደድሯል። ትከሻዋን አስገብታ ስትገፋው የላይኛው ማጠፊያ ቀድሞ ለቀቀ። ከላይ አርማታው አራት ቦታ ላይ ተልጦ ፌሮው ወጥቷል፤ ከአንዱ ጫፍ ውኃ ይንጠባጠባል፤ ከሥሩ ወለሉ ላይ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ጉድጓድ ተበጅታለች። ከጠረጴዛው ኋላ ያለው ግድግዳ ግን ደረቅ ነው። ሻጋታው እስከ አንድ መስመር መጥቶ ቆሟል። መሣሪያው የተሰቀለው እዚያ ነው፤ ከጎኑ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ ‘ማስጠንቀቂያው ሲበዛባችሁ አትናደዱበት። ሥራው ነው።’ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ይሞቃል። ብርድ ስለነበር ሌላኛውንም እጇን ጨመረች።”

ልስኑ መደደሩ ብዙ ዝናብ መግባቱን ይናገራል። ማጠፊያው የዝገቱን ደረጃ ያሳያል። በጠብታ የተበጀችው ጉድጓድ ማንም ቁጥር ሳይጠራ ዓመታቱን ትቆጥራለች። ወረቀቱ እስካሁን የተረፈው ግድግዳው ደረቅ ስለሆነ ነው፤ ግድግዳው የደረቀው ስለሚሞቅ ነው፤ ለምን እንደሚሞቅ ደግሞ አንባቢው ያውቃል፣ ወይም በቅርቡ ያውቃል። አንዱ ዝርዝር ሌላውን እየጎተተ ሲመጣ ክፍሉ ራሱ ታሪክ መናገር ይጀምራል። ተራኪው ስለ ፍርሃት አንድም ቃል አልተናገረም።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ከዓይን ውጪ ያሉትን ሕዋሳት አስገቡ

ይህን ባጭሩ ልለፈው። የተለቀቀ ከተማ ጸጥተኛ አይደለም፤ የሞተርና የማቀዝቀዣ ድምፅ ሲጠፋ የውኃ፣ የቆርቆሮ፣ የወፍና የነፋስ ድምፅ ይገንናል። ሽታው እንደ አየሩ ይለያያል፤ በእርጥብ ከተማ ሻጋታና የበሰበሰ እንጨት፣ በደረቁ ደግሞ ምንም። እግርን አትርሱ። በፍርስራሽ ውስጥ የሚሄድ ሰው ሰማይ አያይም፤ የሚረግጠውን ያያል። ቀና የሚለው ሲቆም ብቻ ነው። ያን ጊዜ ሌሊት ከሆነ የመንገድ መብራት ስለሌለ ፍኖተ ሐሊብ ከሕንፃዎቹ በላይ ወለል ብሎ ይታያል፤ የከተማው ነዋሪዎች እዚያው ኖረው ያላዩትን ሰማይ እሷ ታያለች።

ሰባተኛ ደረጃ፦ የቀድሞ ነዋሪዎችን በልማዳቸው አምጧቸው

በተተወ ቤት ውስጥ ማስታወሻ ደብተር ተገኝቶ ሁሉን ነገር ሲዘረዝር ስንት ጊዜ አንብበናል? ተዉት። ሰው ደብተር ባይተው እንኳ አዘውትሮ ያደረገው ነገር ምልክት ይተዋል። መሃሉ የተበላ የደረጃ ድንጋይ፣ ከሌሎቹ ይበልጥ የተፋቀ አንድ የቁጥር ቁልፍ፣ በር መቃን ላይ የልጅ ቁመት የተለካበት ጭረት፣ በሽቦ የተጠገነ ወንበር። በተለይ ጥገናን ውደዱ። አንድን ነገር የጠገነ ሰው ነገ እንደሚጠቀምበት አምኗል፤ በሚሰምጥ ከተማ ውስጥ የተጠገነ ወንበር ስለ ባለቤቱ ብዙ ይናገራል።

በምሳሌያችን የማስጠንቀቂያ ዝርዝሩ ራሱ የነዋሪዎቹ ታሪክ ነው። በመጀመሪያዎቹ ገጾች እያንዳንዱ ማስጠንቀቂያ በደቂቃዎች ውስጥ “አይቻለሁ” ተብሎበታል። ከዚያ በሰዓታት። ከዚያ ሌሊት ሌሊት ብቻ፣ ምናልባት አንድ ሰው ብቻውን ተረኛ ሆኖ። ከዚያ በሳምንት አንድ ጊዜ። ከዚያ ምንም። ለዚህ ሰው ስም መስጠት አያስፈልግም፤ የሰዓቶቹ መራራቅ ታሪኩን ይነግረናል። እንዲህ ያለ ደረቅ ሰነድ በስሜት ከተሞላ ደብዳቤ ይልቅ ልብ ይነካል፤ ጸሐፊው ሊያስለቅሰን እየሞከረ መሆኑ አይታይበትምና።

ስምንተኛ ደረጃ፦ ግጭቱን ከሰሌዳው አውጡ

እስካሁን ያዘጋጃችሁትን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉና አንዱ ከአንዱ ጋር የሚጋጭበትን ቦታ ፈልጉ። ሽፍታ ወይም አውሬ ከውጭ ማምጣት ካስፈለጋችሁ ሰሌዳው ገና አልሞላም።

በእኛ ታሪክ ለቃሚዎቹ ሌሊት የሚያድሩት በወንዙ ዳር ባለ አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው። መሣሪያው በነቃበት ቀን ሴትየዋ ዝርዝሩን ስታይ የዚያ ሕንፃ ስንጥቅ በዚህ ወር መስፋቱን ታነባለች። ልታነብ የቻለችው ለምን እንደሆነ፣ ማን እንዳስተማራት ቀደም ብላችሁ አስቀምጡት። ሽቦውን ከቆረጠች ክረምቱን ትሻገራለች፤ ግን የትኛው ሕንፃ እንደሚናድ የሚያውቀው ብቸኛ ነገር ዝም ይላል። ካልቆረጠች ለሠፈሩ ሰዎች የምታቀርበው ማስረጃ ከሠላሳ ቀን በፊት የተመዘገበ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ እነሱም ሃምሳ ስምንት ዓመት ያልወደቀ ሕንፃ አሁን ይወድቃል ብለው ላያምኗት ይችላሉ። በዚህ ሁሉ መሃል በየቀኑ በዚያ ሞቃት ግድግዳ አጠገብ ትቀመጣለች።

ማብራሪያውን በተመለከተ አንድ ደንብ አለኝ። ገጸ ባሕርይዋ የማታውቀውን ነገር ተራኪው በንግግር አያብራራ። ስትሮንቲየም የሚለውን ቃል እሷ አታውቀውም፤ ስለዚህ ታሪኩ ውስጥ አይግባ። በሩ ላይ ያለውን ምልክት ቅርጹን በትክክል ግለጹት፤ ከመሃል ነጥብ ዙሪያ ሦስት ጥቁር ክንፎች በቢጫ ላይ። የሚያውቅ አንባቢ ይለየዋል፤ የማያውቀው ደግሞ ከእሷ ጋር እኩል ይሄድና እጇ መቅላት ሲጀምር ይደርስበታል። ሁለቱም ንባቦች ይሠራሉ።

ዘጠነኛ ደረጃ፦ አጨራረስ

ብዙ የዚህ ዓይነት ታሪኮች የሚበላሹት መጨረሻ ላይ ታላቅ ምሥጢር ሲገለጥ ነው። ከተማው የጠፋው እንዲህ ስለሆነ ነው ተብሎ ሲነገረን ፍርስራሹ ወዲያው እንቆቅልሹ የተፈታ ሣጥን ይሆናል። የእናንተ ታሪክ ምክንያቱን ከመጀመሪያው ያሳወቀ ይሁን። መጨረሻው የሚሆነው ውሳኔዋና የውሳኔዋ ዋጋ ነው፤ ዋጋው ደግሞ ቀድሞ ከተነገረው ነገር ውስጥ ይከፈል። ሽቦውን ቆረጠች? እንግዲያው ሕንፃው መቼ እንደሚወድቅ ማንም አያውቅም፤ እሷም እዚያው ታድራለች። ትታው ሄደች? ክረምቱን በምን እንዳሳለፈች አሳዩን። “አይቻለሁ” የሚለውን ቁልፍ ብትጫን ግን አንድ ጊዜ ብቻ ትጫን፣ የትኛውን ማስጠንቀቂያ እንደመረጠችም አንባቢው ይይ። ሁሉንም ከዘጋችው ትርጉሙ ይቀልላል።

አሥረኛ ደረጃ፦ ረቂቁን በዓመት ፈትኑት

ረቂቁን ጥቂት ሳምንት አስቀምጣችሁ ስትመለሱ ይህን አድርጉ። ከተማው ከተለቀቀ የሆነውን ጊዜ ከሃምሳ ስምንት ዓመት ወደ አሥራ አምስት ዓመት ቀይሩትና ጽሑፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቡ። በየዓረፍተ ነገሩ ጎን ምልክት አድርጉ። ይህ ገለጻ በአሥራ አምስት ዓመቱም ሳይለወጥ ይቆማል? የሚቆም ከሆነ ከጊዜው ጋር ያልታሰረ፣ የትም ከተማ ሊገባ የሚችል ገለጻ ነው። ከእነዚህ ጥቂቶቹን ለመተንፈሻ ያህል ተዉ፤ ለተቀሩት ምክንያትና ዕድሜ ፈልጉላቸው፣ ካጣችሁላቸው ሰርዟቸው። ቀጥሎ የአየር ንብረቱን በሐሳባችሁ ቀይሩና በሌላ ቀለም እንደገና ምልክት አድርጉ። በሁለቱም ቀለሞች ሳይነኩ ያለፉት አንቀጾች መጀመሪያ የሚታረሙት ናቸው፤ ብዙውን ጊዜም የሚገኙት መግቢያው ላይ ስለሆነ ከዚያ ጀምሩ።